ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?
ስለ ተመራማሪዎች ሥራ አቈጣጠር

ባለፈው ወር ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሣ። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን የአንድ መምህራችንን ስም በስልኩ ፈልጎ «እኚህ ሰው በዓለም ላይ የተጠቀሱት 11 ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም የዶክተር ትምኒት ገብሩን ስም ጽፎ በሺህ የሚቈጠረውን አኀዝ አሳየንና «ምሁር ማለት እንዲህ ነው፤ የእኛዎቹ ምን ይሠራሉ?» አለ። ከመካከላችን ሁለቱ ተቈጡ፥ ሦስቱ ሳቁ። ነገር ግን ያ አኀዝ ምን እንደሚቈጥር በተጠየቀ ጊዜ፥ ከሳቁትም ሆነ ከተቈጡት ወገን የሚመልስ አልተገኘም።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ከቍጥር ጋር ብዙም ወዳጅነት የለንም። ሆኖም ነገሩ እኛንም የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው መመርመሩ ተገቢ መሰለን። የዩኒቨርሲቲ መምህር የማዕረግ እድገት ሲጠይቅ የታተሙ ሥራዎቹ ይመዘናሉ። ከመካከላችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቢኖር አማካሪውን የሚመርጠው፥ እርሱም የሚመረጠው፥ በከፊል በዚሁ አኀዝ ነው። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ እኛም ሰውን በቍጥር ከመመዘናችን በፊት ቍጥሩን እንወቅ።

ቍጥሩ ከየት መጣ?

አንድ ተመራማሪ ጽሑፍ ሲያወጣ ከማን ምን እንደ ወሰደ በመጨረሻው ገጽ በዋቢነት ይዘረዝራል። በዚያ ዝርዝር የተጻፈ አንድ ስም አንድ መጠቀስ ይባላል። ነገሩ ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ዋድላ ይሁን ጎንጅ ወይም ዋሸራ፥ ዕውቀቱን ከየትኛው ቤትና ከየትኛው መምህር እንዳገኘ ይናገራል፤ መምህሩም የሚታወቀው በተማሪዎቹ ነው። ልዩነቱ ፈረንጆቹ ይህን ውለታ መቍጠር መጀመራቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1955 ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። እያንዳንዱ የሳይንስ ጽሑፍ በኋላ በማን እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ይዘጋጅ አለ። የሐሳቡ መነሻ የአሜሪካ የሕግ ጠበቆች ከ1873 ጀምሮ ይጠቀሙበት የነበረው፥ አንድ ፍርድ በኋላ በየትኛው ፍርድ እንደ ተጠቀሰ የሚያሳየው መዝገብ ነበር። ማውጫው በ1964 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ጋርፊልድ በ1955 ያሰበው አንድ ሐሳብ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ፥ ማንስ እንደ ተቃወመው ፈልጎ ለማግኘት እንጂ፥ ምሁራንን በተርታ አሰልፎ ማዕረግ ለመስጠት አልነበረም። መፈለጊያው መመዘኛ የሆነው ቈይቶ ነው።

በ1998 የጉግል መሥራቾች ሰርጌ ብሪንና ላሪ ፔጅ የመረጃ መረብ ገጾችን ደረጃ ለማውጣት ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ዘዴ ተጠቀሙ፤ ብዙ ገጾች የሚያመለክቱት ገጽ፥ ይልቁንም ትልልቅ ገጾች የሚያመለክቱት፥ ከፍ ይላል። ይኸው ድርጅት በ2004 የምሁራንን ጽሑፎች ብቻ የሚፈልግና መጠቀሳቸውን የሚቈጥር ነጻ አገልግሎት ከፈተ። ጓደኛችን በስልኩ ያሳየን አኀዝ የተገኘው ከዚያ ነው።

በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ አንድ ሌላ ስሌት ጨመረ፤ የኤች መለኪያ ይባላል። በምሳሌ እንየው። አንድ ተመራማሪ 5 ጽሑፎች አሉት እንበል፤ የተጠቀሱትም 40፥ 12፥ 6፥ 3 እና 1 ጊዜ ነው። ድምሩ 62 ይሆናል። ቢያንስ 3 ጊዜ የተጠቀሱ 3 ጽሑፎች አሉት፤ ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ግን የሉትም። ስለዚህ የኤች መለኪያው 3 ነው። ሌላው ተመራማሪ ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉት፤ ድምሩ 25፥ የኤች መለኪያው ግን 5 ነው። ማን ይበልጣል? በአንዱ ስሌት የመጀመሪያው፥ በሌላው ሁለተኛው። እንግዲህ ገና ከጅምሩ ሁለት ሚዛን ሁለት ፍርድ ሰጠ ማለት ነው፤ ከሁለቱ ሚዛኖች አንዱም ጽሑፎቹን አላነበበም።

የኮምፒዩተር ሰዎች ልማድ

የታሪክ ወይም የሕክምና ተመራማሪ ታላቅ ሥራውን የሚያወጣው በመጽሐፍ ወይም በመጽሔት ነው። የኮምፒዩተር ተመራማሪዎች ልማድ ከዚህ ይለያል። የእነርሱ ሙያ ፈጣን ስለ ሆነ አዲስ ሥራቸውን በይበልጥ የሚያቀርቡት በየዓመቱ በሚደረጉ ጉባኤዎች ነው። ጉባኤው ጽሑፉን በባለሙያዎች አስመርምሮ አብዛኛውን ይመልሳል፥ ጥቂቱን ይቀበላል። ስለዚህ መጽሔቶችን ብቻ ይቈጥሩ የነበሩ ማውጫዎች የኮምፒዩተር ሰዎችን ሥራ ብዙውን ክፍል ሳያዩ ቀርተዋል። ያው ሰው በአንዱ ማውጫ ትንሽ፥ በሌላው ትልቅ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በቀር አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ ዓመታት አስቀድሞ በመረጃ መረብ ላይ ወጥቶ ሊነበብና ሊጠቀስ ይችላል። የስሞች ቅደም ተከተልም ትርጕም አለው። በብዙዎቹ የኮምፒዩተር ዘርፎች መጀመሪያ የሚጻፈው ዋናውን ድካም የደከመው፥ መጨረሻ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የቤተ ሙከራው ኀላፊ ነው። ቈጣሪው ግን ለሁሉም እኩል አንድ አንድ ያድላል።

የትምኒት ገብሩ መዝገብ

አሁን ጓደኛችን ወደ አሳየን ስም እንመለስ። ዶክተር ትምኒት ገብሩ የተወለዱት አዲስ አበባ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ዘመን ገና ልጅ ሳሉ ከአገር ወጥተው በስደት አሜሪካ ገቡ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምረው አፕል በተባለው ድርጅት የድምፅ መሣሪያዎችን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ይሠሩ ነበር። በኋላ ወደ ስታንፎርድ ተመልሰው በፕሮፌሰር ፌይ ፌይ ሊ አማካሪነት በ2017 የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ከብዙ ሥራዎቻቸው አራቱን ብቻ እናንሣ፤ እያንዳንዱ ስለ መጠቀስ የተለየ ነገር ያስተምረናልና።

የመጀመሪያው በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ የወጣው ነው። በ200 የአሜሪካ ከተሞች መንገዶች ላይ የተነሡ 50 ሚሊዮን ፎቶግራፎችን ኮምፒዩተር መርምሮ 22 ሚሊዮን መኪናዎችን ለየ፤ ከመኪናዎቹም ዓይነት የነዋሪውን ገቢና የምርጫ ዝንባሌ ገመተ። የቤት መኪና ከጭነት ፒካፕ በሚበዛበት ከተማ ሕዝቡ ዴሞክራቶችን የመምረጡ ዕድል 88 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፉ ሰባት ደራሲዎች አሉት፤ የትምኒት ስም መጀመሪያ ላይ ነው።

ሁለተኛው በ2018 ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋር የጻፉት ነው፤ በዚህ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው የቡዎላምዊኒ ስም ነው። የሰውን ፊት በፎቶግራፍ አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው የሚለዩ የሦስት ድርጅቶች ፕሮግራሞችን መረመሩ። ለመመዘኛ የወሰዱት የሦስት አፍሪካ አገሮችንና የሦስት ሰሜን አውሮፓ አገሮችን የምክር ቤት አባላት፥ በጠቅላላው 1,270 ፎቶግራፎችን ነበር። ፕሮግራሞቹ ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶችን ሲለዩ ከተሳሳቱት ከፍተኛው 0.8 በመቶ ነበር፤ ቆዳቸው ጠቈር ያለ ሴቶች ላይ ሲደርሱ ግን ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት እኅቶቻችን አንዷን ወንድ ናት ብሎ እንደ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ተጠቅሷል። ነገር ግን ትልቁ ፍሬው በዚያ ቍጥር ውስጥ አይታይም፤ በ2019 የወጣ ሌላ ምርመራ የተተቹት ድርጅቶች ስሕተታቸውን መቀነሳቸውን አሳየ፤ በ2020 ደግሞ አይ ቢ ኤም ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውል የፊት መለያ መሸጥ ማቆሙን አስታወቀ። ይህን የሚቈጥር ማውጫ የለም።

ሦስተኛው እኛን በይበልጥ የማረከን ነው። በኤሌክትሮኒክስ ሙያ ትንሿ ዕቃ እንኳ ከመግለጫ ወረቀቷ ጋር ትሸጣለች፤ ስንት ቮልት እንደምትችል፥ በስንት ሙቀት እንደምትበላሽ ተጽፎ ይሰጣል። ኮምፒዩተር የሚማርባቸው የመረጃ ስብስቦች ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበራቸውም። ትምኒትና ስድስት ባልደረቦቻቸው፥ እያንዳንዱ ስብስብ ከየት እንደ ተሰበሰበ፥ በማን፥ ለምን፥ በማን ፈቃድ እንደ ሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይኑረው አሉ። ጽሑፉ በመረጃ መረብ የወጣው በ2018 ሲሆን በመጽሔት የታተመው በ2021 መጨረሻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይጠቀስ ነበር። በታተመበት ቀን ብቻ የሚቈጥር ሰው ገና ያልተወለደ ሕፃን ሲሮጥ ያየ ይመስለዋል።

አራተኛው በ2021 ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ጋር የወጣው፥ በብዙ ጽሑፍ ስለሚሠለጥኑ ታላላቅ የቋንቋ ፕሮግራሞች አደጋ የሚናገረው ነው። በዚህ ጽሑፍ ምክንያት በትምኒትና በአሠሪያቸው በጉግል መካከል ጠብ ተነሥቶ በታኅሣሥ 2020 ተለያዩ፤ ድርጅቱ በፈቃዳቸው ለቀቁ አለ፥ እርሳቸው ተባረርሁ አሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ የራሳቸውን ነጻ የምርምር ተቋም መሠረቱ። ጽሑፉም በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ተጠቀሰ፤ የሚጠቅሱትም የሚደግፉት ብቻ አይደሉም፥ የሚቃወሙትም ናቸው። መጠቀስ ምስጋና ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እንዲያውም በ1998 ክትባትን ከልጆች ሕመም ጋር አያይዞ የወጣውና በ2010 ከመጽሔቱ የተሰረዘው የእንግሊዙ ሐኪም የዌክፊልድ ጽሑፍ ውድቅ ከሆነ በኋላም ሲጠቀስ ቈይቷል።

እንግዲህ የትምኒትን ታላቅነት አልካድንም፤ ያነበብነው ሁሉ አስረድቶናል። ያስረዳን ግን ንባቡ ነው። ቍጥሩ የነገረን በር እንዳለ ብቻ ነው፤ ወደ ቤቱ የገባነው በማንበብ ነው።

የስማችን ነገር

ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው፤ ማውጫው የተሠራው ለእርሱ ነው። የመጨረሻውን ስም ይወስዳል፥ የመጀመሪያውን ወደ አንዲት ፊደል ያሳጥራል። በእኛ አገር ግን ሰውዬው ራሱ የመጀመሪያው ስም ነው፤ ቀጥሎ ያለው አባት፥ ሦስተኛው አያት ነው። ስለዚህ ልጅ ይደክማል፥ አባት ይጠቀሳል። በአዲስ አበባ ተወልደው በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ ዶክትሬታቸውን የተቀበሉት፥ በዚያም የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆኑት ረድኤት አበበ፥ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ «አበበ» ይባላሉ። በኢትዮጵያ ስንት አበበ አለ! ከዚህም ሌላ ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ ሥርዐት የለውም። ተስፋዬን አንዱ በአንድ፥ ሌላው በሌላ ፊደል ይጽፈዋል፤ ቈጣሪው መኪና ደግሞ አንዱን ሰው ሁለት፥ ሁለቱን ሰው አንድ ያደርጋል።

ከአጠገባችን ምሳሌ እናምጣ። ታደሰ ኪጴ ካንሼ የተባሉት ምሁር በ2002 በኔዘርላንድ በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ የዶክትሬት ጽሑፍ አቅርበዋል፤ «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» የሚል ርእስ ያለው ሲሆን የጥያቄ ምልክቱም የርእሱ ክፍል ነው። እንሰቱን፥ ቡናውንና ጥላ ዛፉን በአንድ መሬት አስማምቶ ስለሚያኖረው የጌዴኦ ገበሬ ጥበብ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ይህን መጽሐፍ ሳያነሣ ማለፍ ይቸግረዋል። በ2023 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለም ያወቀው ያንኑ ጥበብ ነው። ነገር ግን ይህን አንድ መጽሐፍ አንዱ ጸሓፊ ታደሰ ብሎ፥ ሌላው ኪጴ ብሎ፥ ሌላው ካንሼ ብሎ ይጠቅሰዋል። አንዱ ሰው በሦስት ትውልድ ተከፋፈለ ማለት ነው!

ለዚህ የተበጀ መድኀኒት አለ። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የተባለ ድርጅት ለጠየቀው ተመራማሪ ሁሉ ባለ 16 አኀዝ መለያ ቍጥር ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ስሙ እንዴትም ቢጻፍ ቍጥሩ አንድ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፋችንን ከማውጣታችን በፊት ሁላችንም አንድ አጻጻፍ መርጠን እስከ መጨረሻው ብንጸናበት፥ ይህንንም መለያ ብናወጣ መልካም ነው።

ባንኮ ጎቲቲ

ከመካከላችን አንዱ የጌዴብ ወረዳ፥ የባንኮ ጎቲቲ ልጅ ነው። ባለፈው ኅዳር በቡና ለቀማ ሰሞን አብረነው ሄደን ነበር። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ደጋማ ነው፤ ቡናው ከእንሰቱ ጋር ተጎራብቶ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ቀዩ እሸት በእጅ ተለቅሞ በዕለቱ ወደ መፈልፈያው ጣቢያ ይወርዳል፤ ከዚያም ታጥቦ ወይም ከነገለፈቱ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

የጓደኛችን አባት ስለ ትምህርታችን ጠየቁን። ይህንኑ የመጠቀስ ነገር ለማስረዳት ብንሞክር «ይህማ የእኛው የቡና ነገር ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ከተከፈተና ቡናም በዚያ መሸጥ ከጀመረ በኋላ፥ በኅብረት ሥራ ዩኒየን በኩል ካልወጣ በቀር፥ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይሸጥ ነበር። የባንኮ ጎቲቲ ቡና ከሌላው ቀበሌ ቡና ጋር በአንድነት «ይርጋ ጨፌ» ተብሎ ይሄዳል፤ ማን እንደ ለቀመው፥ የት እንደ ታጠበ ገዢው አያውቅም። በ2017 ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ ግን ላኪው የቡናውን ምንጭ ጠብቆ መሸጥ ተፈቀደለት። አሁን ባንኮ ጎቲቲ የሚለው ስም በአውሮፓ፥ በአሜሪካና በእስያ ቡና ቤቶች ከረጢት ላይ ታትሞ ይታያል። የመንደሩ ቡና ድሮም ያው ቡና ነበር፤ የተጨመረው ምንጩን የሚናገር ወረቀት ነው። ትምኒትና ባልደረቦቻቸው ለመረጃ ስብስብ የጠየቁትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እኚሁ አባት ሲሸኙን ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «ብዙ የተማሩ ሰዎች እየመጡ ስለ እንሰትና ስለ ዛፍ ይጠይቁናል፤ እንነግራቸዋለን፤ ይጽፋሉ። በዚያ ባላችሁት ዝርዝር ውስጥ እኛ በየትኛው ተራ ነን?» አሉ። መልስ አልነበረንም። በዋቢ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው የታተመ ብቻ ነው፤ የታተመውም በእንግሊዝኛ ከሆነ ይሻለዋል። በአማርኛ ወይም በጌዴኡፋ የተጻፈ ጽሑፍ በታላላቆቹ ማውጫዎች ውስጥ አይገባም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በቃል የተላለፈማ ጭራሽ አይቈጠርም።

ማጠቃለያ

ከባንኮ ጎቲቲ ስንመለስ የዚያን የመምህራችንን ስም በሦስት አጻጻፍ ፈለግነው፤ 11 የነበረው 31 ሆነ። በአማርኛ ያወጧቸው ሁለት ጽሑፎች ግን በየትኛውም አጻጻፍ አልተገኙም፤ ከቤተ መጻሕፍት አውጥተን አነበብናቸው፤ አንደኛው እጅግ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው እንኳ ባይታተም ይሻል ነበር። ይህን ፍርድ ለመስጠት የቻልነው ስላነበብን ነው።

ይህን ስንል ለስንፍና ጥብቅና መቆማችን አይደለም። ጓደኛችን የሳቀው ሁሉ በከንቱ አልነበረም፤ 31ም ቢሆን ጥቂት ነው። አገራችን ብዙ እያወቀች ጥቂት ትጽፋለች፤ ከተጻፈውም ብዙው በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የማይጽፍ መምህር «ቍጥር ከንቱ ነው» ብሎ ሊደበቅብን አይገባም። በሌላ በኩል ቍጥር ለማብዛት ሲል ገንዘብ ከፍሎ ማንም ሳይመረምረው በሚያትም መጽሔት ላይ ጽሑፉን የሚያወጣም እንዲሁ ሊያታልለን አይገባም። ሁለቱም የሚጋለጡት በአንድ መንገድ ነው፤ ይኸውም ሥራቸው ሲነበብ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዳችን በዚህ መንፈቀ ዓመት የአንድ መምህራችንን አንድ ጽሑፍ፥ ቢቻል በአማርኛ የታተመውን፥ አንብበን በክበባችን እንወያይበት። የመመረቂያ ጽሑፍ ስናዘጋጅም ያነበብነውን የአገር ሰው ሥራ በሙሉ ስሙ እንጥቀስ፤ የነገሩንንም ገበሬዎች፥ ፈቃዳቸው ከሆነ፥ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን እንጻፍ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ የሚውለው ግን የሚጽፈው ሲኖር ነው።